ላሟ፣ እንሰቱና የሚቴን ሒሳብ

የዓለምን ሙቀት የሚጨምሩት መኪናና ፋብሪካ ብቻ ናቸው ብሎ የሚያምን ሰው የኢትዮጵያን መዝገብ ገልጦ ቢያይ ግር ይለዋል። መንግሥት እ.ኤ.አ. በ2011 ይፋ ያደረገው ለአየር ንብረት ለውጥ የማይበገር አረንጓዴ ኢኮኖሚ ስትራቴጂ፣ አገሪቱ በ2010 ያወጣችውን የሙቀት አማቂ ጋዝ 150 ሚሊዮን ቶን ብሎ መዝግቦታል። ከዚህ ውስጥ 65 ሚሊዮኑ የከብት ነው። 55 ሚሊዮኑ ከደን መመንጠር፣ 12 ሚሊዮኑ ደግሞ ከእርሻ ማሳ ይመጣል። መኪናው፣ ፋብሪካው፣ ሕንፃውና የኤሌክትሪክ ማመንጫው ተደምረው ለቀሪው ጥቂት ይሻማሉ። በአውሮፓ ወይም በቻይና መዝገብ ግን ነገሩ ይገለበጣል፤ ከላይ የሚቀመጡት ከሰል፣ ነዳጅና የተፈጥሮ ጋዝ ናቸው።

በዚህ መዝገብ ውስጥ የአረቅጥ ላምም አለች። አረቅጥ በጉራጌ ዞን የጉመር ወረዳ ዋና ከተማ ናት። አገሩ ደጋ ነው፤ ገብስና ድንች ይበቅልበታል፣ ከሁሉ በላይ ደግሞ እንሰት። ከብቱ ከጥንት ጀምሮ ከሰው ጋር በአንድ ጣሪያ ሥር ያድራል፣ ቀን ቀን በመንደሩ ሰፊ መስክ፣ በጀፎረው ላይ ይሰማራል። ይህች ላም ለዓለም መሞቅ ምን ያህል ድርሻ አላት የሚለው ክርክር ዛሬ ከጄኔቭ እስከ ዌሊንግተን ይካሄዳል። ክርክሩ የሚጦዘው አብዛኛውን ጊዜ ተከራካሪዎቹ የሚቆጥሩት ነገር ስለሚለያይ ነው። ስለዚህ ከቆጠራው እንጀምር።

ላም፣ በግና ፍየል የሚያመሰኩ እንስሳት ናቸው። የበሉት ሣርና ገለባ ወደ ትልቁ ጨጓራ ገብቶ፣ አየር በሌለበት ሙቅ ስፍራ በዓይን የማይታዩ ጥቃቅን ነፍሳት ያፈሉታል። ሰው ሊፈጨው የማይችለው ገለባ ወተትና ሥጋ የሚሆነው በዚህ መንገድ ነው። ከዚህ መፍላት የሚተርፈውን ሃይድሮጅን የተወሰኑት ነፍሳት ወደ ሚቴን ይለውጡታል። ጋዙ የሚወጣው ብዙዎች እየሳቁ እንደሚሉት ከኋላ ሳይሆን፣ በአመዛኙ በግሳት በአፍ በኩል ነው። ለላሟም ኪሳራ ነው፤ ወደ ወተት ሊለወጥ ይችል የነበረ ጉልበት በአየር ይጠፋል።

ሚቴን ከባድ ጋዝ ነው ሲባል ሙቀትን በመያዝ ኃይሉ ነው። በከባቢ አየር ውስጥ ያለው መጠን ከኢንዱስትሪ ዘመን በፊት ከአንድ ቢሊዮን የአየር ቅንጣት 720 ገደማ ነበር፤ አሁን ከ1,900 አልፏል። የተባበሩት መንግሥታት የአየር ንብረት ለውጥ ሳይንቲስቶች ጉባኤ በ2021 ሪፖርቱ፣ እስካሁን ከታየው የሙቀት ጭማሪ ወደ ግማሽ ዲግሪ ሴልሺየስ የሚሆነው በሚቴን የመጣ መሆኑን አስልቷል። የዚህ ሁሉ ባለዕዳ ላም አይደለችም። የነዳጅና የጋዝ ጉድጓዶች፣ የከሰል ማዕድን፣ የቆሻሻ ማከማቻዎች፣ የሩዝ ማሳዎችና ረግረጎችም ሚቴን ያወጣሉ።

አሁን ወደ ላሟ እንመለስ። ጉባኤው አገሮች እንዲጠቀሙበት ባዘጋጀው መመሪያ ውስጥ ለወተት ብቻ የማትያዝ የአፍሪካ ከብት በዓመት ወደ 31 ኪሎ ግራም ሚቴን ታወጣለች ተብሎ ተቀምጧል። በሰሜን አሜሪካ ያለች የወተት ላም ከ120 ኪሎ በላይ ታወጣለች፤ ምክንያቱ ቀላል ነው፣ ብዙ ትበላለች። 31 ኪሎ ምን ማለት ነው? በመቶ ዓመት ልኬት አንድ ኪሎ የላም ሚቴን እንደ 27 ኪሎ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይቆጠራል። ስለዚህ ላሟ በዓመት የ837 ኪሎ ካርቦን ዳይኦክሳይድ አቻ ታወጣለች ማለት ነው። አንድ ሊትር ናፍጣ ሲቃጠል 2.7 ኪሎ ገደማ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ያወጣል፤ የላሟ ዓመት በናፍጣ ሲመነዘር 310 ሊትር አካባቢ ይሆናል። ከጉራጌዋ ወልቂጤ እስከ አዲስ አበባ 158 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ሚኒባሱ በ100 ኪሎ ሜትር 10 ሊትር ይበላል ብንል፣ የአንዲት ላም የዓመት ግሳት የአንድ ሚኒባስ ወደ አሥር ደርሶ መልስ ጉዞ ነው።

ነገር ግን ልኬቱን በሃያ ዓመት ብናደርገው ሚቴኑ በ27 ሳይሆን በ80 ገደማ ይባዛል። ያን ጊዜ ላሟ ወደ 920 ሊትር ናፍጣ ትደርሳለች፤ ሚኒባሱም ሃያ ዘጠኝ ጊዜ ተመላልሷል። ላሟም ያው ናት፣ ግሳቷም ያው ነው፤ የተለወጠው የምናይበት የጊዜ ርዝመት ብቻ ነው። አንዱ ተከራካሪ «ከብት ከመኪና ይብሳል» ሲል፣ ሌላው «ከብት ምንም አይደለም» ሲል፣ ብዙ ጊዜ ሁለቱም ትክክለኛ ቁጥር ይዘው ነው የሚጣሉት።

የዚህ ልዩነት ምንጭ ሚቴን ዕድሜው አጭር መሆኑ ነው። አየር ላይ ወደ 12 ዓመት ያህል ከቆየ በኋላ ይፈርሳል። ካርቦን ዳይኦክሳይድ ግን ከፊሉ ለሺህ ዓመታት ይቆያል፤ ዛሬ የተቃጠለ ናፍጣ የሚያወጣው በአያት ዘመን በተቃጠለው ላይ ይደመራል። የኦክስፎርዱ ማይልስ አለንና ባልደረቦቹ ያነሱት ነጥብ ይህ ነው። የአንድ አገር የከብት ቁጥር ለዘመናት ሳይጨምር ሳይቀንስ ከቆየ፣ አዲስ የሚወጣው ሚቴን የሚፈርሰውን ከመተካት ብዙም አያልፍም። ሙቀቱ እዚያው ይቆያል እንጂ በፍጥነት እየተጫነ አይሄድም። በተጨማሪም የላሟ ካርቦን ሣሩ ባለፈው ክረምት ከአየር የሳበው ነው፤ ናፍጣው ግን ከመሬት ሆድ ለሚሊዮን ዓመታት ተቀብሮ ከኖረበት የወጣ ነው።

ይህ ክርክር ለኒውዚላንድ ገበሬዎች ምቹ ነው። እዚያ ከአገሪቱ የጋዝ ልቀት ግማሽ ያህሉ ከእርሻ ይመጣል፤ መንግሥታቸው በ2022 በከብት ልቀት ላይ ክፍያ ለመጣል አቅዶ ነበር፣ ከዚያ በኋላ የመጣው መንግሥት ግን በ2024 እርሻን ከልቀት ገበያው አወጣው። ዴንማርክ ደግሞ በዚያው ዓመት ከ2030 ጀምሮ ከብትን ለመቅረጥ ተስማማች።

ለእኛ ግን ሙሉ በሙሉ አይሠራም። የኢትዮጵያ የዳልጋ ከብት ቁጥር በማዕከላዊ ስታትስቲክስ ኤጀንሲ ጥናት እ.ኤ.አ. በ2010 ከ50 ሚሊዮን ትንሽ በላይ ነበር፤ በ2021 ግን 70 ሚሊዮን ደርሷል። በአፍሪካ ከሁሉም የሚበልጠው የከብት ሀብት የእኛ ነው። ቁጥሩ እያደገ ከሆነ ሚቴኑም እያደገ ነው፤ «የእኛ ከብት ጥንትም ነበረ» የሚለው መልስ በአሥር ዓመት ውስጥ ለተጨመሩት 20 ሚሊዮን አይሆንም። ኢትዮጵያ በ2021 በግላስጎው በተጀመረው፣ የዓለምን ሚቴን በ2030 ከ2020 መጠኑ በ30 ከመቶ ለመቀነስ በታሰበው ስምምነት ውስጥ ገብታለች። በሌላ በኩል ይህን የምትጠየቀው አገር ከነዳጅ የምታወጣው ካርቦን በነፍስ ወከፍ በዓመት ከ0.2 ቶን በታች ነው፤ አሜሪካዊ አንድ ሰው 14 ቶን አካባቢ ያወጣል። እኔ ብጠየቅ፣ የጉመር ገበሬ ከማንም በፊት ይጠየቅ የሚል ሰው ቁጥሩን አላየም፤ ፈጽሞ አይጠየቅ የሚልም እንዲሁ።

ላሟ ለምን እንደምትረባ ካልተቆጠረ ደግሞ ሒሳቡ ከመጀመሪያው የተሳሳተ ነው። የዓለም የምግብና የእርሻ ድርጅት ከኒውዚላንድ ተመራማሪዎች ጋር በ2017 ያወጣው ጥናት፣ በኢትዮጵያ አንድ ኪሎ ወተት በአማካይ 24.5 ኪሎ የካርቦን ዳይኦክሳይድ አቻ ያስወጣል ይላል። በዘመናዊ መካከለኛ የወተት እርባታ ግን ከ4 ኪሎ አያልፍም። ምክንያቱ ግልጽ ነው። የአገሬው ላም በቀን ሊትር ተኩል ያህል ብትታለብ ነው፤ ለመጀመሪያ ጊዜ የምትወልደው አራት ዓመት ገደማ ሲሆናት ነው፣ ከዚያ በኋላም በሁለት ዓመት አንዴ ገደማ። ያ ሁሉ ዓመት እየበላች፣ እያመሰኳች፣ እያገሳች ወተቱ ትንሽ ነው። በወተት ብቻ ከተመዘነች በዓለም ካሉ ላሞች ሁሉ ወንጀለኛዋ እርሷ ትሆናለች።

ጉመር ውስጥ ግን ላም ለወተት ብቻ አትያዝም። እንሰት ያለ ፍግ አይሆንም። ተክሉ ለመብሰል ከአራት እስከ ሰባት ዓመት ይፈጃል፣ በዚያው ጓሮ ትውልድ ተሻግሮ ይተከላል፣ አፈሩም የማይደክመው እበት በየጊዜው ስለሚገባለት ነው። ጠዋት ጠዋት ቤቱ ሲጠረግ የተሰበሰበው እበትና ጉዝጓዝ በአብዛኛው በሴቶች ጀርባና ጭንቅላት ወደ ጓሮ ይሄዳል። በበጋ ሣር ሲጠፋ የእንሰቱ ቅጠል ለከብቱ ይቆረጣል። እንሰቱ ላሟን ያበላል፣ ላሟ እንሰቱን ታበላለች፣ ሁለቱ ደግሞ ሰውን። ከ20 ሚሊዮን በላይ ኢትዮጵያውያን በዚህ ዓይነት እርሻ ላይ የተመሠረተ ኑሮ አላቸው ይባላል። አሜሪካዊው አንትሮፖሎጂስት ዊልያም ሻክ በ1966 ያሳተመው መጽሐፍ ጉራጌን የእንሰት ባህል ሕዝብ ብሎ የሰየመው በከንቱ አይደለም፤ ከብት ባይኖር ግን ያ ባህል ቆሞ አይሄድም ነበር።

እንግዲህ ከላሟ ሚቴን ውስጥ ምን ያህሉ የወተቱ ነው? ምን ያህሉስ የቆጮው፣ የመስቀል በሬው፣ ለልጅ ትምህርት ቤት የሚሸጠው ጥጃ? በኬንያ ካፕቱሞ በተባለ አካባቢ ተካሂዶ በ2014 የታተመ ጥናት ይህንኑ ሞክሯል። ልቀቱ በሙሉ ለምግቡ ሲሰጥ አንድ ኪሎ ወተት 2.0 ኪሎ ደረሰበት፤ ለፍጉ፣ ለቁጠባው፣ ለጥሎሹና ለሌላው አገልግሎት ተከፋፍሎ ሲሰላ ወደ 1.1 ወረደ። ላሟ አልተለወጠችም፤ የተለወጠው መዝጋቢው ያያት ሥራ ነው። ይህ ጥናት ጉመር ላይ ቢደገም ልዩነቱ ከዚያም ይሰፋል ብዬ እገምታለሁ፤ እዚያ ፍጉ ጎን ለጎን የሚገኝ ትርፍ ሳይሆን ከብት ከሚያዝባቸው ዋና ምክንያቶች አንዱ ነው።

ፍጉ ራሱ እንዴት እንደሚያዝም ጉዳይ አለው። በአሜሪካ ትልልቅ እርባታዎች እበቱ በውኃ ታጥቦ ወደ ኩሬ ይገባል፤ አየር በሌለበት ኩሬ ውስጥ ሚቴን ያፈላል፤ በቀዝቃዛው አካባቢ እንኳ በላም በዓመት 48 ኪሎ ይቆጠራል። ደርቆ መሬት ላይ የሚቀር ወይም ጓሮ የሚበተን የአፍሪካ እበት ግን በዚያው መመሪያ 1 ኪሎ ብቻ ነው። ስለዚህ የጉራጌ ሴቶች የሚያደርጉት ነገር በሚቴን በኩል ሊወቀስ የሚችል አይደለም። ይልቅ የሚያሳዝነው በሰሜኑና በመካከለኛው ደጋ፣ እንጨት ባለቀበት አገር ኩበት ሆኖ ምድጃ የሚገባው ነው፤ ማሳው መብላት የነበረበት ንጥረ ነገር ጭስ ይሆናል። ናይትሮጅኑ ጠፍቶ ገበሬው በምትኩ ዩሪያ ይገዛል፤ ከዩሪያ ከሚወጣው ናይትረስ ኦክሳይድ አንዱ ኪሎ ደግሞ ከ270 ኪሎ በላይ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይመዝናል።

ስለ መቃጠል ካነሳን የአፈሩን መቃጠል ማለፍ አይቻልም። በሩቁ ዓለም የሚነገረው ፒት ስለሚባለው አፈር ነው። ፒት ማለት ውኃ ባቆረ ረግረግ ውስጥ ለሺህ ዓመታት ሳይበሰብስ የተከማቸ የዕፅዋት ቅሪት ነው። የዓለምን የብስ 3 ከመቶ ያህል ይሸፍናል፤ ከአፈር ካርቦን ግን ሲሶ የሚጠጋውን ይዟል። አየርላንዶች ቆርጠው አድርቀው ለምድጃና ለኤሌክትሪክ ሲያነዱት ኖረዋል፤ መንግሥታዊው ቦርድ ና ሞና ፒት ማውጣቱን ያቆመው በጥር 2021 ነው። በኢንዶኔዥያ ረግረጉ ለፓልም ዘይት ተቦይቦ ሲደርቅ በ2015 እሳት ገባበት፤ በዚያ ዓመት በአገሪቱ ፒት የሌለበትም መሬት ተጨምሮ 2.6 ሚሊዮን ሄክታር ተቃጠለ፤ የዓለም ባንክ ኪሳራውን 16 ቢሊዮን ዶላር ገምቶታል። በአፍሪካ ትልቁ የፒት ክምችት በኮንጎ ተፋሰስ ሲሆን በ2017 በታተመው ካርታ 145,500 ስኩዌር ኪሎ ሜትር ላይ 30 ቢሊዮን ቶን ካርቦን እንዳለ ተገምቷል።

እኛስ? እዚህ አገር ፒት ቆርጦ የሚያነድ የለም፤ ግን አፈሩን የሚያጋይ ገበሬ ነበር። በሰሜን ሸዋ ደጋ፣ በሸኖ አካባቢ፣ ከባድና ውኃ የሚቋጥር ጥቁር አፈር ያለበት ሰው መሬቱን ለዓመታት ጦም ያሳድረዋል። ከዚያ ደጋግሞ ያርሰዋል፣ ከነሥሩ የደረቀውን ጓል ይከምራል፣ በመካከሉ ኩበት ያኖርና ይለኩሰዋል። ክምሩ ያለ ነበልባል ለቀናት ሲጤስ ይሰነብታል። ሲበርድ ተበትኖ ገብስ ይዘራበታል። የመጀመሪያው ዓመት ምርት ያስደስታል፤ ሁለተኛው ይቀንሳል፤ ከዚያ መሬቱ እንደገና ለአሥር ለአሥራ አምስት ዓመት ይተዋል።

ሣህለመድኅን ሰርጹ ከፔድሮ ሳንቸዝ ጋር እ.ኤ.አ. በ1978 ያሳተመው ጥናት ይህን ልማድ በቤተ ሙከራ መርምሮታል። አፈሩ ሲሞቅ ለገብሱ የሚጠቅሙ ንጥረ ነገሮች ይፈታሉ፣ የሸክላው ደቃቅ ቅንጣት ተጣብቆ ሻካራ ይሆንና ውኃው በቀላሉ ይወርዳል። ገበሬው ያየው ጥቅም እውነት ነበር። ዋጋው ግን የአፈሩ ሕይወት ነው፤ የበሰበሰው ነገርና ናይትሮጅኑ ወደ አየር ይሄዳሉ፤ በአሥር ዓመት የተጠራቀመው በአንድ ሳምንት ይጨሳል። ይህን ያደረገው ገበሬ ሞኝ አልነበረም፤ ማዳበሪያ በሌለበት፣ ውኃ የሚያንጣፍፍ ቦይ ለማውጣት አቅም በሌለበት ያገኘው ብቸኛ መላ ይኸው ነበር። ይህን ልማድ ከጉመር እንሰት ጋር ጎን ለጎን አስቀምጡት። ሁለቱም ደጋ፣ ሁለቱም ገብስ አብቃይ ናቸው። በአንደኛው አገር ካርቦኑ ከአፈር ይወጣል፣ በሌላው በእበት በኩል ወደ አፈር ይገባል። ልዩነቱን የሚያመጣው እበቱ የሚሄድበት መንገድ ነው።

ረግረጉም በሁለት በኩል የሚቆርጥ ነገር ነው። ውኃ ሲያቁር ሚቴን ያወጣል፤ ሲደርቅ ደግሞ የተከማቸው ካርቦን ይበሰብስና ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይሆናል። በኢሉባቦር፣ በመቱ አካባቢ በ1990ዎቹ መጨረሻ የተካሄደው የረግረግ ጥናት የሚነግረን ይህን ነው። ገበሬዎች ጨፌውን በቦይ እያንጠፈጠፉ በቆሎ ይዘሩበት ነበር፤ በልክ ሲደረግ ይሠራል፣ ከልክ ሲያልፍ ግን መሬቱ ደርቆ ለበቆሎም ለጨፌም አይሆንም። ሚቴን ይቀንሳል ብሎ ረግረግ ማድረቅን የሚመክር ካለ ግማሹን ብቻ ነው ያነበበው።

ጀፎረው ሌላ ጥበብ ነው። በሁለት ወገን ቤቶች የተደረደሩበት፣ መካከሉ ሰፊ መስክ የሆነው የጉራጌ መንገድ ለዘመናት አልታረሰም፤ በባህላዊው ሕግ፣ በየጆካ ቂጫ፣ ይጠበቃል። ያልታረሰ ሣር ሥሩ ውስጥ ካርቦን ይይዛል። በየቦታው አጥር እየገፋ ያጠበበው ሰው ግን የልጁን የግጦሽ ስፍራ ብቻ አይደለም የወሰደው።

አሁን ወደ መላው እንምጣ። የ2011 ስትራቴጂ ካቀዳቸው አንዱ ሰዉ ከሚበላው ሥጋ የዶሮው ድርሻ በ2030 ወደ 30 ከመቶ ከፍ እንዲል ነበር። ዶሮ ስለማታመሰኳ ሚቴኗ እዚህ ግባ አይባልም። ለአዲስ አበባ ይሆናል። ለጉመር ግን ዶሮ ክትፎም አትሆን፣ የእንሰቱን ጓሮ የምታጠግብ እበትም የላት። ላሟን የሚያበረታ ሐሳብ የበለጠ ያስኬዳል። ሦስት ደካማ ላሞች የሚሰጡትን ወተት አንዲት ጤነኛና ጠግባ የምትበላ ላም ትሰጣለች፤ የሦስት ላም ግሳትም ወደ አንድ ይወርዳል፣ ምንም እንኳ የእርሷ ብቻዋን ከእያንዳንዳቸው ቢበልጥ። ገለባን በዩሪያ አክሞ መስጠት፣ በእርከኑ ላይ መጀመሪያ ከጋሞ ጨንቻ የተገኘውን የዴሾ ሣር መትከል፣ ጥጃ እንዳይሞት መከተብ፣ የማትወልድ ላም ለዓመታት አለማቆየት፤ ለገበሬው እነዚህ የወተት ምክሮች ናቸው፣ የሚቴኑ ቅነሳ ከኋላ ይከተላል። በውጭ አገር የሚወራው በየቀኑ ከመኖ ጋር የሚደባለቀው ሚቴን አጥፊ ዱቄት ግን ቀኑን በጀፎረው ስትግጥ ለምትውል ላም የሚሆን አይደለም።

ሌላው ባዮጋዝ ነው። ብሔራዊው የባዮጋዝ ፕሮግራም እ.ኤ.አ. በ2009 ሲጀመር ከታቀፉት አራት ክልሎች አንዱ ጉራጌ የነበረበት የቀድሞው ደቡብ ክልል ነበር። እበቱና ውኃው በእኩል መጠን ተደባልቀው ከመሬት በታች ወደተሠራ ዝግ ጉድጓድ ይገባሉ፣ የሚወጣው ሚቴን በቱቦ ወደ ምድጃ ይሄዳል፣ የቀረው ፈሳሽ ደግሞ ከጥሬ እበት የተሻለ ሆኖ ለእንሰቱ ይሆናል። ሴቶቹን ከእንጨት ለቀማና ከጭስ ያሳርፋል። ችግሩ፣ ቢያንስ አራት ያህል ከብት ይፈልጋል፤ እንደ አረቅጥ ባለ ብርዳም ደጋ መፍላቱ ይዘገያል፣ ስለዚህ ከእርሷ ዝቅ ባሉት በወልቂጤና በቡታጅራ ዙሪያ ይቀልለዋል። ጉድጓዱ ወይም ቱቦው ቀዳዳ ካለው ደግሞ ነገሩ ሁሉ ይገለበጣል። ጓሮ ቢበተን 1 ኪሎ ብቻ ሚቴን ያወጣ የነበረው እበት አየር በሌለበት ጉድጓድ ብዙ ሚቴን ያፈላና በቀዳዳው በኩል ሳይቃጠል ያመልጣል። ስለዚህ የተከለ ሰው በየመገጣጠሚያው የሳሙና ውኃ ይቀባ፤ አረፋ ካበጠ ጋዙ እየወጣ ነው።